ወንዝ ባህር ሚገባበት ቦታ ላይ ዓሳ ማጥናትን ስራ ማድረግ ለምትፈልጉ

ብዙ ሰው ዓሳ ላጥና ሲል ሀሳቡ ወይ ጥልቅ ባህር ወይ ኮራል ሪፍ ላይ ነው ሚሄደው፣ ይገባኛል፣ ፎቶው ያምራል። ኤስቹዋሪ ሚባለው ግን ምንም ፎቶ ሚሆን ነገር የለውም፣ ወንዙ ባህር ሲገባ ጨው ያለውና የሌለው ውሃ ሚቀላቀልበት ጭቃ የበዛበት ድፍርስ ቦታ ነው፣ ክንዳችሁን ስትነክሩ ጣታችሁ አይታያችሁም። ግን የዕድሜ ልክ ስራ ሚሆን ጥያቄ ሞልቶ የተረፈው እዛ ነው፣ እኔም ገብቼ ቀረሁ፣ ስለዚ ሲጀመር ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ምላቸውን ነገሮች ልጻፍላችሁ። አመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው እንዳትደናገሩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ሌላው ሁሉ እዚ ላይ ነው ሚንጠለጠለው። በዚ ሙያ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ አይነት መንገድ፣ ለረጅም ጊዜ የተመዘገበ ዳታ ነው፣ ባዶ የወጣው መረብ ጭምር። ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል፣ ስታቲስቲክሱ በትምህርት ይመጣል፣ ያለፈ አመት ግን በምንም አይመለስም።

ዓሳውን ተዉትና መጀመሪያ ውሃውን እወቁት

የውቅያኖስ ተመራማሪው ዶናልድ ፕሪቻርድ በ1967 ለኤስቹዋሪ የሰጠው ትርጉም እስካሁን ይሰራበታል፣ በከፊል የተዘጋ የባህር ዳርቻ ውሃ ሆኖ ከባህሩ ጋር ያለከልካይ ሚገናኝ፣ ውስጡ ያለው የባህር ውሃ ከየብስ በሚወርድ ውሃ በሚለካ ደረጃ የቀጠነ ማለት ነው። "በሚለካ" ሚለው ላይ አስምሩበት፣ ስራችሁ ግማሹ መለካት ስለሆነ። አንድ ኪሎ የባህር ውሃ ወደ 35 ግራም ጨው አለው፣ የወንዝ ውሃ ከ0.5 በታች ነው፣ መሀሉ በሙሉ የናንተ ሰፈር ነው። በ1958 የወጣው የቬኒስ የጨዋማነት አከፋፈል 0.5፣ 5፣ 18 እና 30 ላይ እየቆረጠ ነው ሚሄደው፣ እነዚን ቁጥሮች በቃል ያዙ፣ ምታነቡት ጽሁፍ ላይ ሁሉ ይመጣሉ።

አዶልፍ ሬማነ ሚባል ጀርመናዊ በ1934 ባልቲክ ባህር ላይ ያሳየው ነገር አለ፣ ከውሃው ስር መሬቱ ላይ ሚኖሩት እንስሳት ዝርያቸው በጣም ሚያንሰው ጨዋማነቱ ከ5 እስከ 8 አካባቢ ሲሆን ነው፣ ከዛ ወደ ባህሩም ወደ ወንዙም ስትሄዱ ይጨምራል። ለምን ካላችሁ ኑሮው ከባድ ስለሆነ ነው። የባህር ዓሳ ዙሪያው ያለው ጨው ውሃውን ከሰውነቱ እየሳበ ያወጣበታል፣ ስለዚ ባህሩን ይጠጣና ትርፉን ጨው በስንጥቡ እየገፋ ያስወጣል። የወንዝ ዓሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ያስቸግረዋል፣ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ቀጭን ሽንት ብቻ ሲሸና ይውላል። የኤስቹዋሪ ዓሳ ሁለቱንም ስርአት ይዞ ባህሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ከአንዱ ወደ አንዱ ይቀያይራል። ይሄን ሚችሉት ጥቂት ናቸው፣ የቻሉት ግን ተፎካካሪ ስለሌላቸው በሺ ይራባሉ። ከነዚ አንዷ መሚቾግ ምትባል የሰሜን አሜሪካ ምስራቅ ዳርቻ ትንሽ ዓሳ ናት፣ ጨው ቢበዛ ቢያንስ፣ ውሃው ቢሞቅ፣ ኦክስጅን ቢጎድል ግድ የላትም፣ በ1973 ስካይላብ ሚባለው የአሜሪካ የህዋ ጣቢያ ላይ ተጭና ህዋ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ዓሳዎች እነሱ ናቸው። ጠንካራ ስላችሁ እስከዚ ድረስ ነው።

ውሃውን ካወቃችሁ በኋላ ማነው ነዋሪ ማነው እንግዳ ሚለውን መለየት ይመጣል። ሙሉ እድሜውን እዛው ሚጨርስ አለ፣ ባህር ተፈልፍሎ ልጅነቱን ብቻ ለማሳለፍ ሚመጣ አለ፣ መንገድ ስቶ የገባም አለ፣ እንደ ሳልመን ከባህር ወደ ወንዝ ለመራባት ሚያልፍ አለ፣ እንደ አውሮፓው ኢል (እባብ መሳይ ዓሳ) ደግሞ በተገላቢጦሽ ለመራባት ወደ ባህር ሚወርድ አለ። ኢሉ ሚራባው ሳርጋሶ ባህር ነው ብሎ ዴንማርካዊው ዮሃንስ ሽሚት የደመደመው ለአመታት አትላንቲክን እያሰሰ የእጮቹን ርዝመት ለክቶ፣ ትንንሾቹ እጮች ወዳሉበት እየተጠጋ ነው። መሳሪያው ጥቃቅን መረብና ማስመሪያ ነበር እኮ፣ ከዛ ትዕግስት።

ትምህርቱን በተመለከተ

ባጭሩ፣ ባዮሎጂ ወይም አካባቢ ሳይንስ ዲግሪ፣ ከዛ ማስተርስ፣ ተመራማሪ ሆናችሁ ጥያቄውን ራሳችሁ መምረጥ ከፈለጋችሁ ፒኤችዲ። መሀል ላይ አንድ ሁለት አመት ፊልድ ቴክኒሺያን ሆኖ መስራትን አትናቁ፣ መረብ መጠገን፣ ጀልባ መንዳት፣ ሶስት ሳንቲሜትር ያልሞላች የዓሳ ጫጩት አይቶ ዝርያዋን መለየት ክፍል ውስጥ አይገኝም። ጫጩት መለየት ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቹ እናታቸውን ጭራሽ አይመስሉም፣ የክንፋቸውን አጥንት በማይክሮስኮፕ ስር አንድ በአንድ ምትቆጥሩበት ጊዜ ይመጣል።

ስታቲስቲክስን ግን አደራ። እኔ ባዮሎጂ የገባሁት ከሂሳብ ሸሽቼ ነው፣ ሂሳቡ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። የናንተ ዳታ ምን ይመስላል መሰላችሁ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ 2፣ ዜሮ፣ 1፣ ዜሮ፣ ከዛ ድንገት 1400፣ መንጋ ላይ ስለጣላችሁ። አማካይ ወስዶ ቲ ቴስት (ሁለት አማካይ ማወዳደሪያ) መስራት እዚ ዋጋ የለውም፣ ዜሮ ለበዛበት የቆጠራ ዳታ ሚሆኑ ሞዴሎችን ተማሩ፣ አር ሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ነው፣ ዛሬ ጀምሩት። ሌላው፣ ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 የጻፈው የውሸት ድግግሞሽ ጉዳይ ነው፣ አንድ ጅረት ውስጥ አስር ጊዜ መረብ ብትጎትቱ ያላችሁ አስር ናሙና ሳይሆን አንድ ጅረት ነው። ማንግሮቭ (ጨው ውሃ ዳር ሚበቅል ዛፍ) ያለበትን ከሌለበት ላወዳድር ካላችሁ ብዙ ማንግሮቭና ብዙ ባዶ ዳርቻ ያስፈልጋል፣ ከየአይነቱ አንድ ቦታ ወስዳችሁ መቶ መረብ ብትጥሉም ልዩነቱ ከማንግሮቩ ይምጣ ከሁለቱ ቦታዎች ሌላ ጠባይ አታውቁም። ብዙ ቴሲስ ዲፌንስ ላይ ሚወድቀው እዚ ነው፣ ያኔ ደግሞ መመለሻ የለውም ፊልዱ አልቋል።

ፊልድ ስትወጡ

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሲዝኔ ላይ ስርአት ያለኝ መስሎኝ ሁሌ በሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት በተመሳሳይ ሰአት እየወጣሁ ናሙና እወስድ ነበር። ችግሩ ባህሩ በኔ ሰአት አይሰራም። በብዙ ቦታ አንዱ ሙላት ከሚቀጥለው ሙላት 12 ሰአት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይራራቃል፣ ማለት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል፣ ስለዚ አንዱን ሳምንት ሙላት ላይ ሌላውን ሳምንት ጉድለት ላይ ነበር መረብ ምጥለው። ዓሳዎቹ ሙላቱን ተከትለው ሳሩ ውስጥ ገብተው ሲበሉ እኔ ቁጥር ቀነሰ እያልኩ ግራፍ እሰራለሁ። አራት ወር ሙሉ። እና የመጀመሪያው ህግ፣ ናሙና ሚወሰደው በሰአት ሳይሆን በባህሩ ሁኔታ ነው፣ ለምሳሌ ሁሌ ከሙላት ሁለት ሰአት በኋላ ብላችሁ ወስኑና የታይድ ሰንጠረዡን ይዛችሁ የአመቱን ቀናት ቀድማችሁ አውጡ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ይበልጥ ይጨምራል ጉድለቱም ይበልጥ ይጎድላል፣ እሱንም አስቡ።

ጨዋማነት፣ ሙቀትና ኦክስጅን ስትለኩ ከላይም ከታችም ለኩ። ጨው ያለው ውሃ ከባድ ስለሆነ ከታች እንደ ሽብልቅ ተሰክቶ ይገባል፣ የወንዙ ውሃ ከላዩ ላይ ይፈሳል፣ ከላይ ብቻ የለካ ሰው ወንዝ ነው ይላል፣ ወለሉ ላይ የተኛችው ጠፍጣፋ ዓሳ ግን ባህር ውስጥ ናት። ኦክስጅንም እንደዛው፣ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሚወርደው ብዙ ጊዜ ከታች ነው፣ ላዩ ደህና ሆኖ።

መረብን በተመለከተ፣ ሁሉን ሚይዝ መረብ የለም፣ እያንዳንዱ መረብ የራሱን ውሸት ይዋሻል። ከዳር ሚጎተተው መረብ ጥልቀት በሌለው ቦታ ትንንሾቹን ይይዛል፣ ጊልኔት እንደ ቀዳዳው ስፋት አንድ መጠን ያላቸውን ይመርጣል፣ ከጀልባ ኋላ ሚጎተተው ትሮል ከታች ያሉትን ይጠርጋል ግን ድንጋይና ስር ባለበት አይሆንም። ኤሌክትሪክ ማደንዘዣው ወንዝ ላይ ጥሩ ነው፣ ጨው ውስጥ ግን ውሃው ራሱ ከዓሳው በላይ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ኃይሉ ዓሳውን ትቶ በውሃው ያልፋል፣ ወደ ታች ወንዝ እየወረዳችሁ ዓሳ ጠፋ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የጠፋው የማሽኑ ጉልበት ነው። ምትችሉት ነገር ውሸቱን አውቃችሁ ሁሌ አንድ አይነት ውሸት እንዲሆን ማድረግ ነው፣ የመረቡን ርዝመት፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ የጎተታችሁበትን ርቀት ሁሌ ጻፉ። መረብ መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ለአንድ ሲዝን አብራችሁ ጣሉ፣ አለበለዚያ ግራፉ ላይ ሚታየው ዝላይ የዓሳ ይሁን የመረብ ማንም አያውቅም።

ባዶ የወጣውን መረብ ጻፉ። ደክሟችኋል፣ እየዘነበ ነው፣ ምንም አልተያዘም፣ ወረቀቱን ዘላችሁ ማለፍ ያምራችኋል፣ ባዶ ረድፍና ዜሮ ግን አንድ አይደሉም። ሳን ፍራንሲስኮ ኤስቹዋሪ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ በመጸው፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ሚጎተት መረብ አለ፣ ዴልታ ስሜልት ምትባል አመት ብቻ ምትኖር ትንሽ ዓሳ እዛ ብቻ ነው ምትገኘው፣ በ1993 በአሜሪካ ህግ ስጋት ላይ ያለ ዝርያ ተባለች፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ያ መረብ በተከታታይ አመታት አንድ እንኳን ሳይዝ ነው የወጣው። ያ ዜሮ ትርጉም ያገኘው ከኋላው ግማሽ ምዕተ አመት ስላለ ነው፣ ዘንድሮ የጀመረ ሰው ዜሮ ቢያገኝ ምን ማለት ነው? ምንም።

እዛው ኤስቹዋሪ ላይ ኤክስ ቱ ሚሉት መለኪያ አለ፣ ከታች ያለው ውሃ ጨዋማነቱ 2 ሚሆንበት ቦታ ከጎልደን ጌት (የኤስቹዋሪው አፍ) በኪሎሜትር ምን ያህል ይርቃል ማለት ነው፣ በድርቅ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገፋል በዝናብ ጊዜ ወደ ባህር ይወጣል፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስንት ውሃ ለወንዙ ይለቀቅ ሚለውን ህግ ለማውጣት ጭምር እየተጠቀሙበት ነው። ከጥናት ወጥቶ ህግ ውስጥ ሚገባ ነገር ስትፈልጉ እንዲ ያለ ቀላል ቁጥር አስቡ፣ ባለስልጣን ሀምሳ ገጽ ሞዴል አያነብም።

ደህንነትን አንድ ሁለት ቃል። ብቻችሁን አትውጡ። እስከ ደረት ሚደርሰውን የውሃ ሱሪ ያለ ቀበቶ አትልበሱ። ጭቃ ከያዛችሁ እግራችሁን በግድ ለመንቀል አትታገሉ፣ ወደ ኋላ ጋደም ብላችሁ ክብደታችሁን በትኑና ቀስ እያላችሁ አንድ በአንድ አውጡ፣ ውሃው እየሞላ መሆኑን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት እወቁ።

ላብ ውስጥ

እኔን በዚ ሙያ ያስቀረኝ ኦቶሊት ነው። የዓሳ ጭንቅላት ውስጥ ሶስት ጥንድ የጆሮ ድንጋይ አለ፣ ብዙ ዓሳ ላይ ትልቋ ሳጊታ ትባላለች። ጆርጂዮ ፓኔላ በ1971 እዛች ድንጋይ ላይ በየቀኑ አንድ ቀጭን ቀለበት እንደሚጨመር አሳየ። ስለዚ ዛሬ የያዛችኋት ጫጩት 74 ቀለበት ካላት ከ74 ቀን በፊት ገደማ ነው የተፈለፈለችው፣ የቀለበቶቹ ስፋት ደግሞ የቱ ሳምንት ላይ ጥሩ እንዳደገች ይናገራል። ከዛም አልፎ ድንጋዩ ከውሃው ስትሮንቲየምና ባሪየም ይወስዳል፣ ባብዛኛው ስትሮንቲየም ከካልሲየም ጋር ሲነጻጸር ባህር ውስጥ ይበዛል፣ ባሪየም ወንዝ ውስጥ፣ በሌዘር ከመሀል ወደ ዳር እየቆፈራችሁ ስትለኩ ዓሳዋ መቼ ባህር መቼ ወንዝ እንደነበረች ታነባላችሁ። የህይወት ታሪኳን ራሷ ጽፋ ይዛ ነው ምትዞረው!

ግን እንዳትቸኩሉ። የስትሮንቲየሙ መጠን በዝቅተኛ ጨዋማነት ቶሎ ይጨምርና ከዛ በኋላ ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚ ወንዝን ከሌላው መለየት ይችላል እንጂ 15ን ከ30 መለየት ላይ ደካማ ነው። ወንዙ ሚያልፍበት አለትም ይወስነዋል፣ ሙቀትና የእድገት ፍጥነትም ይነካካዋል። መፍትሄው ዓሳ በያዛችሁ ቁጥር የውሃ ናሙናም መውሰድ ነው፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ፣ ሁለት ደቂቃ። ይሄን ያልወሰደ ሰው በኋላ ምን ያህል እንደሚቆጭ አይቻለሁ።

ዓሳውን ፎርማሊን ውስጥ እንዳትከቱት፣ አሲድ ስላለው ኦቶሊቱን ይበላዋል፣ ዲኤንኤውንም ያበላሻል። 95 ፐርሰንት አልኮል ተጠቀሙ፣ እሱም ዓሳውን ስለሚያሳጥር ርዝመቱን ትኩስ እያለ ለኩ፣ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይሁን እስከ ጅራቱ ሹካ የቱን እንደለካችሁም ጻፉ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ የሁለት ሰው ዳታ ሳይገጥም ሲቀር ግን መጀመሪያ ምትጠይቁት ይሄንን ነው።

ማን ማንን ይበላል ለሚለው አይሶቶፕ አለ፣ የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው ሚለያይ አቶሞች ማለት ነው። ናይትሮጅን 15 በምግብ ሰንሰለቱ አንድ ደረጃ ሲወጣ በአማካይ 3.4 ከሺ ያህል ይጨምራል፣ ካርቦን 13 ደግሞ ምግቡ ከስር የመጣው ከየትኛው ተክል እንደሆነ ይጠቁማል። ወጥመዱ ምንድነው፣ ጡንቻ እስኪታደስ ሳምንታት አንዳንዴ ወራት ይወስዳል፣ ትላንት ከባህር የገባች ዓሳ ስጋዋ ገና ባህሩን ነው ሚናገረው፣ እዚ ምን እንደበላች አትነግራችሁም። የውሃ ዲኤንኤም እንደዚ ነው፣ አንድ ሊትር ውሃ አጣርቶ የዝርያ ዝርዝር ማውጣት ድንቅ ነገር ነው፣ በ2015 የወጣው ሚፊሽ ሚባለው ፕራይመር (የዓሳውን ዲኤንኤ ለይቶ ለማብዛት ሚያገለግል አጭር ቁራጭ) ብዙ ስራ አቅልሏል፣ ግን ኤስቹዋሪ ውስጥ ውሃው በቀን ሁለቴ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ ዲኤንኤው የተገኘበትና ዓሳው ያለበት ቦታ ኪሎሜትሮች ሊራራቁ ይችላሉ። እና መረቡን ገና አትጣሉት።

ጥያቄ ስትመርጡ

ኤስቹዋሪ የዓሳ ጫጩት ማሳደጊያ ነው ሚለውን ሁሉም ይላል፣ ማረጋገጡ ግን ሌላ ነው። በ2001 ማይክል ቤክና ባልደረቦቹ ይሄን አጥብበው ጻፉት፣ አንድ ቦታ ማሳደጊያ ሚባለው ጫጩት ስለበዛበት ብቻ ሳይሆን ጫጩት ካለባቸው ሌሎች ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር በስፋቱ ልክ ወደ አዋቂው መንጋ ሚልከው ዓሳ ከበለጠ ነው። ስለዚ አራት ነገር መለካት አለበት፣ ብዛት፣ እድገት፣ በህይወት መትረፍ እና ወደ አዋቂዎቹ ቦታ መሄድ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቆጥሮ ያቆማል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ከባድ ናቸው፣ የመጨረሻውን ለማወቅ ባህር ላይ የተያዘ ትልቅ ዓሳ ወስዳችሁ የኦቶሊቱ መሀል ላይ ያለው ኬሚስትሪ ከየትኛው ኤስቹዋሪ ጋር እንደሚገጥም መፈለግ አለባችሁ። ለማስተርስ ከአራቱ እድገትን ወይም መትረፍን ምረጡ፣ ለፒኤችዲ መንቀሳቀስን ጨምሩበት። "በእንዲህ ያለ ወንዝ አፍ ያሉ ዓሳዎች ብዝሃነት" ሚል ርዕስ ግን ይዛችሁ አትምጡ፣ እሱ ዝርዝር ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም።

ከባዶ ደግሞ አትጀምሩ። ረጅም ዳታ ያለበትን ቦታ ፈልጋችሁ ተጠጉ። እንግሊዝ ውስጥ ሴቨርን ኤስቹዋሪ አጠገብ ሂንክሊ ፖይንት ቢ ሚባል እስከ 2022 ኃይል ያመነጭ የነበረ የኒውክሌር ጣቢያ አለ፣ ለማቀዝቀዣ ባህሩን ሲስብ ወንፊቱ ላይ ሚቀሩትን ዓሳዎች ከ1981 ጀምሮ ለአስርተ አመታት በየወሩ ሲቆጥሩ ኖረዋል፣ መርከብም ምንም የለም፣ ያ ዳታ ግን ስንቱን ጽሁፍ ወልዷል። የመንግስት አሳ ሀብት ቢሮዎች፣ ሙዚየሞች፣ ጡረታ ሚወጡ ፕሮፌሰሮች ቁምሳጥን ውስጥ እንዲ አይነት ነገር ተኝቶ አለ፣ እሱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት አሰልቺ ነው ግን የመጀመሪያ ጽሁፋችሁ ከዛ ሊወጣ ይችላል።

ስራውን በተመለከተ አላስረዝምም። ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው፣ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ስራ) ላይ ከአገር አገር መንከራተት አለ፣ የመንግስት መስሪያ ቤትና የአካባቢ ተጽእኖ ሚገመግሙ ኩባንያዎች ግን ዓሳ ምትለዩና ዳታ ምትተነትኑ ሰዎችን ይፈልጋሉ፣ እዛ መስራት ውድቀት አይደለም። የመያዣ ፈቃድና የእንስሳት አያያዝ ፈቃድ ወራት ስለሚፈጅ ሲዝኑ ሳይደርስ ጠይቁ። ጽሁፍ ላይ ስም አሰፋፈር መረብ ከመጣላችሁ በፊት ተነጋገሩበት፣ በኋላ ወዳጅነት ያፈርሳል።

አማካሪ ስትፈልጉ ኢሜይሉን አጭር አድርጉት። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓሳ እወዳለሁ ሚለውን ተዉት፣ የሳቸውን አንድ ጽሁፍ አንብባችሁ የቱ ምስል ላይ ምን ጥያቄ እንደመጣባችሁ ጻፉ፣ አር መጻፍ እንደምትችሉና ጭቃ ውስጥ ስንት ቀን እንደሰራችሁ ጨምሩ፣ የቆየ ዳታ ካላቸው ማስገባት ላይ ላግዝ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካገኛችሁ ከመስማማታችሁ በፊት የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ለብቻ አናግሩ፣ ስንት አመት ፈጀባችሁ፣ ፊልድ ላይ አብረዋችሁ ወጥተው ያውቃሉ፣ ዳታው አሁን ማን ጋ ነው በሏቸው። ሶስተኛውን ጥያቄ ሲመልሱ ካመነቱ ሌላ አማካሪ ፈልጉ።